ከምዕራብ የመጣው ድንጋይ

በሠላሳ አንድ ዓመት የጋዜጠኝነት ሥራዬ ስንት ዜና እንደጻፍኩ አላውቅም። የጻፍኩት ማስተባበያ ግን አንድ ብቻ ነው። ጡረታ ስወጣ የቀድሞ ባልደረቦቼ ትዝታህን ጻፍ ብለው ሲወተውቱኝ፣ ስለ ጦርነቱና ስለ ድርቁ እንደምጽፍ አስበው ነበር። ስለ ሁለቱም ከእኔ የተሻሉ ሰዎች ጽፈዋል። እኔ የምጽፈው ስለ አንድ ጥቁር ድንጋይ፣ በእሱ ሳቢያ ስለታሰረ አንድ ባለሱቅ እና ሥራዬን ስላስተማረኝ ሰው ነው።

ነገሌ ቦረና የተመደብኩት ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት ካበቃ በኋላ፣ ገና ሰው የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ጠረጴዛ ሥር በሚገባበት ጊዜ ነው። ደመወዙ ትንሽ፣ የሚሞላው ቅጽ ብዙ ነበር፤ ስለ እሱ ይህ ይበቃል። የዜና ድርጅታችን ቅርንጫፍ አንድ ክፍል፣ አንድ የጽሕፈት መኪና እና ዳርና ዳሩ በምስጥ የተበላ የግድግዳ ካርታ ነበረው። አለቃዬ ጋሽ ወልደየስ ይባላሉ። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ከፖስታ ቤት ሠራተኝነት ወደ ዜና የገቡ ሰው ነበሩ።

ጋሽ ወልደየስ በእርሳስ ብቻ ይጽፋሉ። በቆላው ሙቀት ብዕር ኪሳቸውን ሦስት ጊዜ አበላሽቶባቸዋል። የማስታወሻ ደብተራቸውን ገጽ ከላይ እስከ ታች በመስመር ለሁለት ይከፍሉታል። በግራ በኩል ሰውየው ያየውን፣ በቀኝ በኩል ሰውየው ያሰበውን ይጽፋሉ። ከመልሱ በፊት ደግሞ የጠየቁትን ጥያቄ ቃል በቃል ያሰፍራሉ። መጀመሪያ ላይ ይህ የጊዜ ብክነት መስሎኝ ነበር።

“ጥያቄውን እኮ እኔው ነኝ የምጠይቀው፤ ለምን እጽፈዋለሁ?” አልኳቸው።

“አንተም ምስክር ስለሆንክ ነው” አሉኝ።

ጋሽ ወልደየስ ሁለት ምስክሮችን አንድ ላይ አይጠይቁም። ምስክሩን ሁልጊዜ ወደ ቆመበት ቦታ ይወስዱታል። አንድ ጊዜ በዋደራ መንገድ የጭነት መኪና ተገልብጦ ሾፌሩ፣ “ጅብ ገብቶብኝ ነው” አለ። ጋሽ ወልደየስ ወንበሩ ላይ መልሰው አስቀመጡትና ጅቡ የገባው ከየት እንደሆነ በጣቱ እንዲያሳይ ጠየቁት። ሾፌሩ ጣቱን አነሳ፣ ወዲያ አለ፣ ወዲህ አለ፣ በመጨረሻም፣ “ጋሼ፣ እንቅልፍ ነው” አለ። ጋሽ ወልደየስ አልሳቁም። “አመሰግናለሁ” ብለው በግራው በኩል ጻፉ።

ይህን ሁሉ እያየሁ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ታዲያ ስሕተቱን የሠራሁት ሳላውቅ አይደለም፤ እያወቅሁ ነው።

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። ጋሽ ወልደየስ ቦረናዎች ከብት ስለሚያጠጡባቸው ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች ዘገባ ለመሥራት ከነገሌ ወደ ደቡብ ርቃ ወዳለችው ሜጋ ሄደዋል፤ ቢሮው ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ባዶ በርሜል በእንጨት ድልድይ ላይ ሲንከባለል የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ መጣ። ወጥቼ ሮጥኩ። በስተደቡብ ምሥራቅ ሰማዩ ላይ ነጭ፣ የተጠማዘዘ የጭስ መስመር ይታያል። ገበያው ተበትኗል። ዘንቢላቸውን የጣሉ ሴቶች ከተደበቁበት ባንኮኒ ሥር ይወጣሉ።

ገበያው መካከል ቆምኩና ጮክ ብዬ ጠየቅሁ፤ “አውሮፕላኑን ያየ ማን ነው?”

ሃያ ሰው ከበበኝ። “እኔ አይቻለሁ።” “ከምሥራቅ ነው የመጣው።” “በፊልቱ በኩል ነው።” “ሁለት ናቸው።” “አንድ ነው፣ ክንፉ ያብረቀርቃል።” ሁሉም እጁን ጭሱ ወዳለበት ይዘረጋል። እየተሯሯጥኩ ጻፍኩ። ገጹን ለሁለት አልከፈልኩም። ጥያቄዬን ግን ከልማድ የተነሳ ከላይ አስፍሬው ነበር።

ቴሌ ቤት ሄጄ ላክሁት። “ከምሥራቅ አቅጣጫ የመጣ የጠላት አውሮፕላን በነገሌ አካባቢ ፈንጂ ሳይጥል እንዳልቀረ ነዋሪዎች ገለጹ።” ማታ በሬዲዮ ተነበበ። ሰዎች መንገድ ላይ እጄን ጨበጡኝ፤ እኔም ደስ አለኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ኑር ከነገሌ በስተምሥራቅ ካለችው ፊልቱ ተመለሰ። ኑር የነገሌ ልጅ ነው። በነገሌና በዶሎ መካከል ሻይ ቅጠልና ጨው ይነግዳል፤ ሚስቱ ሃሊማ ደግሞ የከተማውን ሱቅ ትመራለች። መንገድ ዳር ያገኛቸው ከብት ጠባቂዎች ከሰማይ ሲወርድ አየነው ያሉትን ድንጋይ ሰጥተውት ነበር። የሁለት ጡጫ ያህላል፤ ጥቁር ነው፤ ሲያነሱት ከመጠኑ በላይ ይከብዳል። ኑር ባንኮኒው ላይ ከሚዛኑ አጠገብ አስቀምጦ የመጣውን ሁሉ፣ “እስቲ አንሳው” እያለ ያስገርም ነበር፤ እኔም አንስቼዋለሁ።

ከቀትር በኋላ ሁለት ሰዎች መጥተው ድንጋዩንም ኑርንም ወሰዱ። የከተማው የጸጥታ ኮሚቴ የያዘበት ነገር ቀላል ነበር። አውሮፕላኑ ከምሥራቅ መጥቷል፤ ሬዲዮው ተናግሯል። ኑር የሚሠራው በምሥራቁ መንገድ ነው። የፈንጂው ስብርባሪ እጁ ላይ ተገኝቷል። ስለዚህ መንገድ መርቷል፤ ውጤቱንም ለማየት ሄዷል። ቅዳሜ ጠዋት በጦር አጀብ በሚነሳው የመኪና ቅፍለት ወደ ክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ሊላክ ተወሰነ። በዚያን ጊዜ በእንዲህ ያለ ክስ የተላከ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚነግር አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት ሃሊማ ቢሮዬ ገባች። ከእኔ በአሥር ዓመት ትበልጣለች። ሰላምታም አልሰጠችኝም።

“አንተ ነህ የጻፍከው?”

“አዎ፣ እትዬ ሃሊማ።”

“ኑር አውሮፕላን መራ አልክ?”

“የእሱን ስም አልጻፍኩም።”

“ስሙን እነሱ ጨመሩበት። ስሙ የሚገባበትን ቦታ የሰጠሃቸው ግን አንተ ነህ።” ሻርፗን አስተካክላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። “ስማኝ። ከነገሌ ፊልቱ መንገዱ አንድ ነው፤ እሱንም ይስታል። ባለፈው ክረምት ሁለት ቀን ጫካ ውስጥ ጠፍቶ ግመል ጠባቂ ነው ያወጣው። ይሄ ሰው ነው አውሮፕላን የሚመራው?”

ደብተሬን ከመሳቢያ አወጣሁ።

“እስከ ቅዳሜ ነው” አለች። “ዋላሂ፣ እዚህ ወንበር ላይ ነው የምውለው።” እንዳለችውም አደረገች።

ቴሌ ቤት ሄጄ ወደ ሜጋ መስመር ለማግኘት ግማሽ ቀን ጠበቅሁ። ጋሽ ወልደየስ ስልኩን ሲያነሱ ሬዲዮውን እንደሰሙ ከድምፃቸው ገባኝ። የሆነውን ነገርኳቸው።

“ደብተርህን ይዘሃል?”

“ይዤያለሁ።”

“ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ። መጀመሪያ ጥያቄውን።”

“‘አውሮፕላኑን ያየ ማን ነው?’” ብዬ አነበብኩ።



“በደብተርህ ውስጥ አውሮፕላን የሚለውን ቃል መጀመሪያ የተናገረው ማን ነው?”

አየሁት። “እኔ ነኝ” አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አለቆች ነበሩኝ፤ የጮኹብኝም፣ ደመወዜን የቀጡኝም አሉ። እንደዚያች ጥያቄ ግን የከበደኝ የለም። ጋሽ ወልደየስ ወዲያው ወደ ሥራው ገቡ።

“እዚህ ሜጋም ታይቷል” አሉኝ። “ብርሃን ነው። የጠየቅሁት አባ ጉዮን ነው።”

አባ ጉዮ ከሜጋ ወጣ ብሎ የሚኖሩ አያንቱ ናቸው። አያንቱ ማለት በቦረና ዘንድ ጨረቃና ከዋክብትን እያየ የቀኖችን ስምና የወሩን መግቢያ የሚያውቅ ሰው ነው። ሰው ከብቱን የሚያንቀሳቅሰው፣ ሥርዓቱን የሚፈጽመው እሱ በነገረው ቀን ነውና አንድ ቀን ቢሳሳት ጥፋቱ የሁሉም ይሆናል። ስለዚህ ያላየውን አይናገርም። ማክሰኞ ከቀትር በኋላ የሰባት ቀን ጨረቃ በስተምሥራቅ ወጥታ ነበር። እኔና ሌላው ሰው በቀን ጨረቃ መኖሯን ልብ አንልም። አባ ጉዮ ግን ቆመው እያዩዋት ነበር።

ጋሽ ወልደየስ ሄደው፣ “አካም፣ አባ ጉዮ” ብለው ሰላምታ ሰጥተው፣ “ማክሰኞ ዕለት ምን ሲያዩ ነበር?” ብቻ ብለው ጠየቋቸው። ሽማግሌው ወደ ሰሜን ፊታቸውን አዙረው በበትራቸው አሳዩ። ብርሃኑ በግራ እጃቸው በኩል ጀመረ፤ በፊት ለፊታቸው አለፈ፤ በቀኝ በኩል ከጨረቃዋ በታች፣ አራት ጣት ወደ ግራ ብሎ ጠፋ።

“ምን ነበር ብለው ጠየቋቸው?” አልኩ።

“አልጠየቅኋቸውም። እሳቸው ራሳቸው፣ ‘ስሙን አላውቅም፤ መንገዱን ነው የማውቀው’ አሉኝ። በግራው በኩል ጻፍኩት።” ከዚያም ቀጠሉ፤ “አሁን ደግሞ አንተ ነገሌ ውስጥ አንድ ሰው ፈልግ። ድምፁን ሰምቶ ቀና ያለ ሰው አይጠቅምህም። ከድምፁ በፊት ቀና ያለ ሰው ነው የሚያስፈልግህ።”

በዚያ ሰዓት ማን ቀና ይላል? ገበያ ያለው ሰው የሚያየው ዕቃውን ነው። ሾፌር የሚያየው መንገዱን ነው። ወደ ቢሮ ስመለስ ሃሊማ አሁንም ወንበሩ ላይ ነበረች። ችግሬን ስነግራት ወዲያው፣ “ጣራ ላይ ያለ ሰው” አለች። “ሽኩር አናጢው የትምህርት ቤቱን ቆርቆሮ እየመታ ነበር። ሚስቱ ምሳ ልታቀብለው መሰላል ስትወጣ አይቻታለሁ።”

አርብ ማለዳ ሽኩርን ፈልጌ አገኘሁት። ከድንጋጤው የተነሳ ከማክሰኞ ወዲህ ወደ ጣራው አልተመለሰም ነበር። ይዤው ወጣሁ፤ ቆርቆሮው ገና በማለዳው ይፋጃል። ማክሰኞ የነበረበት ቦታ ላይ እንዲቀመጥ አደረግሁ። ፊቱ ወደ ደቡብ ነው።

“ማክሰኞ እዚህ ሆነህ ምን አየህ?”

“የዚህን ረድፍ የመጀመሪያ ምስማር ልመታ መዶሻዬን ሳነሳ ብልጭ አለ” አለኝ። “በቀን እኮ ነው። ከዚህ ጀምሮ ወደዚህ ሄደ።” እጁ ከቀኝ ወደ ግራ ተጓዘ። “ብየዳ መሰለኝና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።”

“ድምፁስ?”

“ድምፁ በኋላ ነው። ያንን ረድፍ እየመታሁ ነበር። አሥራ አንደኛዋን ምስማር ስጨርስ ቤቱ ተንቀጠቀጠ። ከመሰላሉ አልወረድኩም፤ ወደቅሁ ነው የሚባለው።”

ምስማሮቹ እዚያው ነበሩ፤ ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አንድ ናቸው። ሽኩር በአጠገባቸው አዲስ ረድፍ ጀምሮ እንደ ማክሰኞው እንዲመታ ለመንኩትና ሰዓቴን ያዝኩ። በመካከል፣ “ጋዜጠኛው፣ ይሄን ረድፍ ማን ነው የሚከፍለኝ?” እያለ ቀለደብኝ። አሥራ አንደኛዋ ስትገባ ሁለት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ሆነ።

ከጣራው ስወርድ ልቤ ተሰብሮ ነበር። አባ ጉዮ ከግራ ወደ ቀኝ ብለዋል፤ ሽኩር ከቀኝ ወደ ግራ አለ። አንዱ ተሳስቷል ብዬ ቢሮ ገባሁ። የግድግዳውን ካርታ አውርጄ ወለሉ ላይ ዘረጋሁት። ሜጋ ላይ ቆምኩና ፊቴን ወደ ሰሜን አዞርኩ፤ ግራ እጄ ምዕራብ ነው። ነገሌ ላይ ቆምኩና ፊቴን ወደ ደቡብ አዞርኩ፤ ምዕራብ በቀኝ እጄ ሆነ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ነገሩ በሁለቱ ከተሞች መካከል አልፏል፤ የመጣውም ከምዕራብ ነው። ሃሊማ ጫማዬን አውልቄ ካርታ ላይ ስሽከረከር እያየች፣ “አበደ እንዴ?” አለች። ስነግራት ግን እሷም ጫማዋን አውልቃ በሁለቱም ቦታ ቆመች። ከዚያ፣ “ተነስ፣ እንሂድ” አለችኝ።

የገበያው ሰው አልዋሸም። ድምፁ ሲደርስ ብርሃኑ ካለፈ ሁለት ደቂቃ ሆኗል። ቀና ሲሉ ያገኙት በመጨረሻው ቦታ ላይ የቀረውን ጭስ ብቻ ነው። ከምሥራቅ መጣ ያሉት እኔ አውሮፕላን ስላልኳቸው ነው። አውሮፕላን ደግሞ የሚጠበቀው ከዚያ በኩል ነበር።

የኮሚቴው ሰብሳቢ የነበሩት ሻለቃ ብልህና ቁጡ ሰው ናቸው። ሃሊማን በር ላይ አስቀሯት። ለሁለት ከፍዬ የጻፍኩትን አዲስ ገጽ፣ የማክሰኞውን ማስታወሻና ካርታውን ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩ። አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

“እኛን ውሸታም ልትል ነው የመጣኸው?”

“አይደለም፣ ጓድ ሻለቃ። ያሳሳትኩዎት እኔ ነኝ። አውሮፕላን የሚለው ቃል የእኔ ነው። ጥያቄው ይኸውና በእጄ ጽሕፈት።”

ሻለቃው ከመድፈኛው ክፍል ሻምበል ባሻ ደምሴን አስጠሩ። ሻምበል ባሻው ወፍራም፣ ሥራ የለመዱ ሰው ነበሩ። ሻለቃው የሽኩርን ሰዓት ነገሯቸው፤ ሻምበል ባሻው በቃላቸው አሰሉት።

“መድፍ ሲተኮስ ብልጭታውን አይተን እንቆጥራለን። ለኪሎ ሜትር ሦስት ሰከንድ ነው። ይሄ ወደ አርባ ስድስት ኪሎ ሜትር ይሆናል። አርባ ስድስት ኪሎ ሜትር ርቆ የከተማ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ፈንጂ አውሮፕላን አይሸከምም።”

ድንጋዩ መጣ። ሻምበል ባሻው አገላበጡት። በጭቃ ላይ አውራ ጣት የተጫነበት የሚመስሉ ጉድጓዶቹን በጣታቸው ዳሰሱ። ሞረድ አውጥተው ጥጉን ጥቂት ፋቁት። ጥቁሩ ቆዳ እንደ ጥፍር ቀጭን ነበር፤ ከሥሩ አመድማ ድንጋይ፣ በውስጡም የሚያብለጨልጩ የብረት ፍንጣሪዎች ታዩ። ኮምፓሳቸውን ሲያስጠጉት መርፌዋ ዞረች።

“የቦምብ ስብርባሪ ጠርዙ እጅ ይቆርጣል፤ ይሄ ቀልጦ የደረቀ ነው” አሉ። “የእኛም አይደለም፣ የእነሱም አይደለም፣ ጓድ ሻለቃ።”

“ታዲያ ለምን ደበቀው?” አሉ ሻለቃው።

“አልደበቀውም” አልኩ። “ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ የመጣውን ሁሉ አንሳው ይል ነበር።”

ሻምበል ባሻ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “እውነት ነው። እኔም አንስቼዋለሁ” አሉ።

ሻለቃው ወረቀት ስበው ስሕተቱ የእኔ መሆኑን እንድጽፍና እንድፈርም አዘዙኝ። ፈረምኩ። ቅዳሜ ጠዋት ቅፍለቱ ያለ ኑር ተነሳ፤ እሱም እኩለ ቀን ላይ ተለቀቀ። ሻለቃው ስሕተቱን አምነው ከውሳኔያቸው ለመመለስ አንድ ሌሊት ብቻ ነው የወሰደባቸው። በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ እስከ ዛሬ አከብራቸዋለሁ።

ማስተባበያውን ላክሁ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ የዚያ ዓመት እድገቴ ቀረ፤ በኋላም ወደ ዶሎ ተዛወርኩ። ድንጋዩ በሳጥን ታሽጎ ወደ አዲስ አበባ ተላከ፤ የት እንደደረሰ አላውቅም። ዶሎ ሳለሁ፣ በየሰባ ስድስት ዓመቱ ገደማ የምትመለሰው ጅራታም ኮከብ በመጣችበት ዓመት፣ ስለ ሰማይ አካላት ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። በማርስና በጁፒተር መካከል ፀሐይን የሚዞሩ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ዐለቶች አሉ። ወደ ምድር የሚወድቀው ድንጋይ አብዛኛው ከእነሱ የተሰበረ ነው፤ ዕድሜውም የምድርን ያህላል። ያን ጊዜ ኑር ባንኮኒ ላይ ያነሳሁትን ክብደት እጄ አስታወሰው። ስለ ጅራታሟ ኮከብ የላክሁት ዜና ግን ሦስት መስመር ነበር፤ ያየኋት ጭላንጭል ሆና ነውና።

የነገሌው ነገር ግን ኑር በመፈታቱ አላበቃም። ማስተባበያው በሬዲዮ አንድ ጊዜ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ሰው ሥራ ላይ ባለበት ሰዓት ነበር የተነበበው። የወታደር ቤተሰቦች ከኑር ሱቅ መግዛት አቆሙ። ሕፃናት በሱቁ ሲያልፉ ይሮጡ ነበር። ኑር ቀኑን ሙሉ ባንኮኒው ጀርባ ተቀምጦ ይውላል። በሳምንቱ ሃሊማ ተመልሳ መጣች።

“ሬዲዮው ተናገረ አሉ፤ ገበያው ግን አልሰማም። አንተ የጠየቅኸው ገበያ ውስጥ ነው። እዚያው ቆመህ ንገራቸው።”

ጋሽ ወልደየስ ከሜጋ ተመልሰው ስለነበር ፈቃድ ለመጠየቅ አየኋቸው። “ሥራ ነው፤ ሂድ” አሉኝ።

በገበያ ቀን ሄድኩና ከኑር ሱቅ ፊት ለፊት ቆምኩ። ወረቀቴን አወጣሁ። ሃሊማ አጠገቤ ሆና ወደ ኦሮምኛ ትመልሳለች። እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳነብ እሷ አምስት ትናገራለች፤ ሰውም ይስቃል።

“ምን አልሻቸው?” አልኳት በሹክሹክታ።

“ያልከውን ነው። ትንሽ አሳመርኩት።”

አውሮፕላን አለመኖሩን፣ ቃሉን ያመጣሁት እኔ መሆኔን፣ ብርሃኑ በምን በኩል እንደመጣና ማን እንዳየው አነበብኩ። የአባ ጉዮን ስም ስጠራ ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ኑር ከማንም ጋር እንዳልነበረና መንገድ ዳር ያገኘውን ድንጋይ ለሰው ከማሳየት ሌላ ምንም እንዳላደረገ ተናገርኩ። ጨረስኩ። 

አንድ ሽማግሌ፣ “ታዲያ ማን ወረወረው?” ብለው ጠየቁ።

“ማንም አልወረወረውም፣ አባ።”

እሳቸውም አሰቡበትና፣ “ናጋ፣ ሰላም ነው” ብለው በትራቸውን አንስተው ሄዱ። ሰው ቀስ በቀስ ወደ ገበያው ተበተነ። እኔ ወረቀቱን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ኑር በሱቁ በር ላይ እጁን አጣምሮ ቆሟል፤ ወደ እኔም አላየም።

ያኔ አንዲት የወታደር ሚስት፣ ልጅ ያዘለች፣ ከሕዝቡ መካከል ወጥታ በኑር አጠገብ አልፋ ወደ ሱቁ ገባች።

“ስኳር አለ?” አለች።

ኑር ከበሩ ላይ ተነስቶ ወደ ባንኮኒው ጀርባ ዞረ።

“አለ” አላት። “ስንት ኪሎ?”